ከዓሣ ሱቅ በላይ የተወለዱት ዳኛ

(ለጥቂት የሕግ ተማሪዎች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልመጡ ጓደኞች «ጻፈውና እናንብበው» ስላሉኝ በጽሑፍ አወጣሁት። የተንዛዛውን ቆርጫለሁ፣ ቀልዶቹን ግን ትቻቸዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ።

የዛሬው ታሪክ ማብቂያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወጥ ቤቱን ልንገራችሁና ከዚያ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 1976። ዛሬ የምጠራቸው ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ሁለቱን እየቀላቀልኩ አላደናግራችሁም። ቦታው አየርላንድ መሐል ሙሊንጋር የምትባል ከተማ፣ እዚያ ያለ የጦር ሰፈር ነው። ለወታደሮቹ የተሠራ አዲስ ወጥ ቤት ይመረቃል። የክብር እንግዳው የመከላከያ ሚኒስትሩ ፓዲ ዶኔጋን ናቸው። እንዲህ ያለ ምረቃ ታውቁታላችሁ። ሁለት ቃል ይነገራል፣ ይጨበጨባል፣ በቃ። ዶኔጋን ግን መኮንኖቹ ፊት ቆመው የአገሪቱን ፕሬዚዳንት አነሡ። «በእኔ አስተያየት ሰውየው የለየላቸው አሳፋሪ ናቸው» አሉ። ቀጠሉና «ሠራዊቱ ከአገረ መንግሥቱ ጎን መቆም አለበት» አሉ።

«የለየላቸው አሳፋሪ» የእኔ ትርጉም ነው። በእንግሊዝኛው አሳፋሪነቱ ነጎድጓድ የሚባል ቃል ተጨምሮበታል። በአማርኛ ነጎድጓዱን ባስገባው ተረት ይመስላል፣ ስለዚህ ተውኩት። ሚኒስትሩ ከዚህም የከፋ ቃል ተናግረዋል የሚል ወሬ ለዓመታት ሲዞር ኖሯል። እዚያ የነበረው የአካባቢው ጋዜጣ ወጣት ዘጋቢ ግን የሰማሁት ይኸው ነው ብሏል።

በአራተኛው ቀን ፕሬዚዳንቱ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ማንም አላባረራቸውም፣ ምርጫም አልተሸነፉም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ምርጫ ሲመጣ የተሸነፈው ተሳዳቢው መንግሥት ነው።

ሰውየው ካሮል ኦዳሊ ይባላሉ። ስማቸው በአይሪሽ ቋንቋ ሲጻፍ ግማሹ ፊደል አይነበብም፣ አጠራሩ ይበቃናል። ከፕሬዚዳንትነቱ በፊት ዳኛ ነበሩ። ከ1961 እስከ 1973 ድረስ የአየርላንድ ዋና ዳኛ። ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በስድቡ ነው። እኔ ደግሞ ስድቡን የሚያስረዳው ዳኝነታቸው ነው ባይ ነኝ። ወጥ ቤት ውስጥ የተነገረ ነገር ለምን ቤተ መንግሥት ለቅቆ እንደሚያስወጣ የሚገባችሁ፣ ሰውየው ችሎት ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ይሉ እንደነበር ስታውቁ ነው።

የተወለዱት በ1911 ነው፣ ብሬይ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ። ከደብሊን በባቡር ቅርብ ናት። አባታቸው ዓሣ ነጋዴ ነበሩ። ቤታቸው ዋናው መንገድ ላይ፣ ከዓሣ ሱቁ በላይ ያለው ፎቅ ነው። ልጁ ደብሊን ተማረ፣ ሲንግ ስትሪት ከሚባለው የካቶሊክ ወንድሞች (መነኮሳት) ትምህርት ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ የተነከሰው በሕግ ብቻ አይደለም፣ በቋንቋም ጭምር ነው። አይሪሽ የአያቶቻቸው ቋንቋ ነው፣ እንግሊዝኛ ግን ሊውጠው ጥቂት ነበር የቀረው። ወጣቱ ካሮል ገና ተማሪ ሳለ የአንድ ትልቅ ዕለታዊ ጋዜጣ የአይሪሽ ቋንቋ አዘጋጅ ሆነ። ጋዜጣው አይሪሽ ፕሬስ ይባላል፣ ያቋቋሙት ኤመን ዴ ቫሌራ ናቸው። በ1934 ጥብቅና ጀመረ። ቀን ፍርድ ቤት፣ ማታ ጋዜጣ።

ከአሁን በኋላ አንቱ ልበላቸው፣ አድገዋል።

ዴ ቫሌራ ጋዜጣ ብቻ አልነበራቸውም። ፊያና ፎል የሚባለው ገዢ ፓርቲም የእሳቸው ነው። ኦዳሊ የዚህ ፓርቲ ሰው ነበሩ፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ለምክር ቤት ተወዳድረው አልተሳካላቸውም። መድረክ ላይ ሕዝብ የሚያስጨበጭቡ ዓይነት ሰው አልነበሩም። ፓርቲው ግን የሕግ ችሎታቸውን ያውቅ ስለነበር በ1946፣ በ35 ዓመታቸው፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አደረጋቸው። በ1953 በቀጥታ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። ያኔ 42 ዓመታቸው ነው። በ1961 ዋና ዳኛ።

እንግዲህ አስቡት። የፓርቲ ሰው፣ በፓርቲው የተሾመ። ከእንዲህ ያለ ዳኛ ምን ይጠበቃል? «እሺ ጌታዬ» ነዋ።

ያልተጠበቀው መጣ። በተመሳሳይ ጊዜ ብራያን ዋልሽ የሚባሉ ሌላ ጎበዝ ዳኛም ተሾሙ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሾን ሌማስ ያኔ «ፍርድ ቤታችሁ የአሜሪካውን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲመስል እፈልጋለሁ» እንዳሏቸው ዋልሽ በኋላ ተናግረዋል። መሪ ዳኛን «ጠንከር ብለህ ተቆጣጠረኝ» ሲል ብዙ ጊዜ አንሰማም። ሌማስ ምን እንደሚከተል ገብቷቸው ነበር ወይ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አየርላንድ በ1937 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀ ሕገ መንግሥት አላት። የዜጎች መብት ተዘርዝሮ ተጽፎበታል። ዳኞቹ ግን የተማሩት በእንግሊዝ ሕግ ነው። ፀጉሩም የእንግሊዝ ነው፣ ያ የፈረስ ጭራ ዊግ። ክርክር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ለንደን ምን ተወሰነ የሚለውን ነው። የራሳቸው ሕገ መንግሥት ሃያ ዓመት ያህል መደርደሪያ ላይ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። አልፎ አልፎ አቧራው ይራገፍለታል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ኦዳሊና ዋልሽ አወረዱት።

ብዙ መዝገብ አለ። ሁሉን ብዘረዝር ትተኛላችሁ። አንዱን ግን ረጋ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ሰውየው ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ክዊን የሚባል ሰው በስርቆት እንግሊዝ አገር ይፈለጋል። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የመያዣ ትዕዛዝ ያወጣል፣ የአየርላንድ ፖሊስ ደብሊን ላይ ይይዘዋል። በጊዜው በሥራ ላይ የነበረው ሕግ የ1851 ሕግ ነው፣ አገሩ በሙሉ በእንግሊዝ ሥር ሳለ የወጣ። በዚያ ሕግ መሠረት ፖሊስ ሰውየውን አንሥቶ ማስረከብ ነው፣ መሐል ላይ ዳኛ የለም። ክዊን ጠበቃ ቆመለትና አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አቀረበ። የመያዣ ትዕዛዙ ጉድለት ነበረበት። መንግሥትም አመነ። ፍርድ ቤቱ «ልቀቁት» አለ።

ክዊን ወጣ። ነጻ ሰው ነው። በሩን እንዳለፈ ፖሊሶች ያዙት። ሁለተኛ የመያዣ ትዕዛዝ ቀድመው አዘጋጅተው ኖሯል፣ ይኸኛው ጉድለት የሌለበት። መኪና ውስጥ አስገቡት። መኪናው ወደ ሰሜን በረረ፣ በእንግሊዝ ሥር ያለችውን የሰሜን አየርላንድን ድንበር ተሻገረ፣ አለቀ። ድንበሩን ካለፈ በኋላ የደብሊን ዳኛ ምን ቢጽፍ ወረቀት ነው። ጠበቃው ተመልሶ ችሎት ሊገባ ቀርቶ ዞር ብሎ ለማየት እንኳ ጊዜ አልነበረውም።

ፖሊሶቹ ምን ሕግ ጣሱ? ወረቀቱን ብቻ ብታዩ ምንም። ትዕዛዝ ነበራቸው፣ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። እንዲያውም ቅልጥፍና ነው ሊባሉ ይችሉ ነበር።

ኦዳሊ የጻፉት ፍርድ ንዴቱን አይደብቅም። የሁለቱ አገር ፖሊሶች ሰውየውን ከፍርድ ቤቶቻችን ክልል ሊያወጡት አቅደዋል፣ ፍጥነቱም የትዕዛዙን ሕጋዊነት ለመጠየቅ ምንም ዕድል እንዳያገኝ ተብሎ ነው አሉ። ከዚያ የአየርላንድ የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ጻፉ። ሕገ መንግሥቱ መሠረታዊ መብቶችን ዋስትና ሲሰጥ፣ መብቶቹ እንዲሻሩ ወይም በዙሪያቸው እንዲዞርባቸው አስቦ አይደለም። ለሰው የተሰጠው ፍሬ ያለው መብት ነው፣ የመብቱም ጠባቂ ፍርድ ቤት ነው። የ1851ዱ አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄድም ተብሎ ወደቀ።

ለእኛ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ይቆሙ ነበር። ዱላ ያነሣም ሰው ያቆመዋል። ኦዳሊ ያሉትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰው «በሕግ አምላክ» የሚልበት ትንፋሽ ሊኖረው ይገባል። አፉን አፍኖ መኪና ውስጥ ማስገባት፣ ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሕግ አይደለም።

ሌላው ፍርዳቸው ሁሉ በዚህ ዓይን ሲታይ ይገጣጠማል። አንድ ኮንትሮባንድ ነገር ነበር። ሕጉ ሁለት ዓይነት ቅጣት ያስቀምጥና የትኛው ይጣል የሚለውን የጉምሩክና ገቢ ባለሥልጣኖች እንዲመርጡ ይፈቅዳል። አይሆንም አሉ። ቅጣት መምረጥ የዳኝነት ሥራ ነው፣ ለአስፈጻሚው አካል አይሰጥም። በቃ፣ አጭር ናት።

ከዚህ የምትለየውና እኔ በጣም የምወዳት የእግረኛ መንገዷ ናት። አንዲት ሴት በእግረኛ መንገድ ስትሄድ መሬቱ ሰጥሞ ወደቀች። የመንግሥት የፖስታና ስልክ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ቦይ ቆፍረው፣ ኬብል ቀብረው፣ በቅጡ ሳይደለድሉት ሄደዋል። ተጎዳች፣ ከሰሰች። መንግሥት ምን አለ? «እኔ አልከሰስም።» ለምን? የእንግሊዝ ንጉሥ አይከሰስም ነበር፣ እኛ ደግሞ የንጉሡን መብት ወርሰናል።

አሁን ሁላችሁም አፋችሁ ላይ የመጣውን ልናገረው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ቃል በቃል እሱ ነው። የእንግሊዝ ጠበቆች በላቲንና በእንግሊዝኛ ሲያሽሞነሙኑት የኖሩትን አማርኛ በአራት ቃል ጨርሶታል።

ፍርድ ቤቱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ወሰነ። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ዋልሽ ናቸው፣ ኦዳሊ ከእሳቸው ጋር ቆሙ። ይህ አገር ንጉሥ የለውም፣ ሥልጣን የሕዝብ ነው፣ ሕዝብ ያቆመው መንግሥት ሕዝብ ሲከስሰው ይቀርባል። ቦዩን በቅጡ ባለመድፈን የተጀመረ ነገር የንጉሥን ከለላ አስቀረ።

ሁሉንም ፍርዳቸውን አጨብጭቤ አልቀበልም። የዋስትናውን ነገር ተመልከቱ። በ1966 ኦካላሃን በሚባል መዝገብ ጥያቄው ይህ ነበር፦ ተከሳሹ በዋስ ቢወጣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ተብሎ ቢፈራ፣ ዋስትና ይከልከል? ኦዳሊ አይከልከል አሉ። ዋስትና የሚከለከለው ሰውየው ለፍርድ አይቀርብም ተብሎ ሲሰጋ ነው እንጂ፣ ገና ላልሠራው ወንጀል አስቀድሞ ማሰር መቅጣት ነው። አመክንዮው ጥርት ያለ ነው። መዝገቡ ላይ ለመቃወም ሞክሬ አልቻልኩም። ግን በዋስ በወጣ ሰው የተዘረፈ ባለሱቅ ፊት ቁሙና አስረዱት እስቲ። ፖሊሶች ሠላሳ ዓመት አማረሩ። በ1996 አየርላንዳውያን በሕዝበ ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን አሻሽለው ለከባድ ወንጀል እንዲከለከል ፈቀዱ። ዳኛውን የሻራቸው ሕዝቡ ራሱ ነው፣ በትክክለኛው መንገድ። ኦዳሊ በሕይወት ቢኖሩ ውጤቱን ባይወዱት እንኳ መንገዱን የሚነቅፉ አይመስለኝም።

የውሃውን ነገር ቶሎ ልለፈው። መንግሥት ለጥርስ ጤና ብሎ ፍሎራይድ ቧንቧ ውሃ ውስጥ ሊጨምር ነው፣ አንዲት የደብሊን እናት ከሰሱ። ተረቱ። ሲረቱ ግን ፍርድ ቤቱ አንድ ነገር ተቀበለ፦ ሕገ መንግሥቱ ላይ ስሙ ተዘርዝሮ ባይጻፍም፣ ሰው አካሉ ያለመነካት መብት አለው። እናትዬዋ የተረቱት ፍሎራይዱ ጉዳት እንዳለው ስላልተረጋገጠ ነው። የደብሊን ቧንቧ እስከ ዛሬ ፍሎራይድ አለበት። መብቱም እስከ ዛሬ አለ።

አንድ የቀረኝ አለ፣ ይህን ግን አልዘለውም። በ1970 አየርላንድ ውስጥ ትልቅ ቀውስ ተነሣ። ለሰሜን አየርላንድ ተጎጂዎች እርዳታ የተመደበ 100,000 ፓውንድ ነበር፣ ገንዘቡ የት ገባ ተባለ። መሣሪያ ተገዝቶበታል የሚል ጥርጣሬ ነበር። የምክር ቤቱ ኮሚቴ ሰዎችን እየጠራ መመርመር ጀመረ። ከተጠሩት አንዱ ፓድሪክ ሆሂ ነው፣ ከሥልጣን የተባረረው የታዋቂው ሚኒስትር ወንድም። እሱ በሌለበት ስሙን የሚያጠፋ ምስክርነት ተሰጥቶበታል። ቀርቦ ጥያቄ አልመልስም አለ። ስድስት ወር እስራት ተፈረደበት።

በ1971 ጉዳዩ ኦዳሊ ዘንድ ደረሰ። ሆሂን አገሩ አልወደደውም ነበር። ለእሱ መቆም የሚያስመሰግን ነገር አልነበረም። ኦዳሊ እንዲህ አሉ፦ አንድን ሰው ስሙ በሚጠፋበት መድረክ ላይ ካቀረባችሁት፣ የተባለበትን ማስረጃ ስጡት። የመሰከረበትን ሰው በጠበቃው በኩል መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቅ። የራሱን ማስተባበያ ያቅርብ። በመጨረሻም በጠበቃው ይናገር። አራቱን ከከለከላችሁት ስሙን መከላከያ ነጥቃችሁታል። ቅጣቱ ተነሣ። ዛሬም አየርላንድ ውስጥ አጣሪ ኮሚሽን በተቋቋመ ቁጥር ጠበቆች ተነሥተው «የሆሂ መብቶች ይከበሩልን» ይላሉ። ሰውየውን የማያውቁ ጠበቆች ስሙን እንደ ሕግ አንቀጽ ይጠሩታል።

ይህን መዝገብ በጭንቅላታችሁ ያዙት። ወጥ ቤቱ ጋ ስንመለስ እንፈልገዋለን።

በ1973 አየርላንድ የአውሮፓ ማኅበረሰብ አባል ሆነች። ኦዳሊ ሉክሰምበርግ ባለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው አየርላንዳዊ ዳኛ ሆነው ሄዱ። ቋንቋ ለሚወድ ሰው ገነት ነው፣ ፈረንሳይኛውም ጣልያንኛውም ነበራቸው። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። በኖቬምበር 1974 ፕሬዚዳንቱ ኧርስኪን ቺልደርስ በድንገት ሞቱ። ፓርቲዎቹ ምርጫ ውስጥ መግባት ስላልፈለጉ ሁሉም የሚስማማበት ሰው ፈለጉ። ኦዳሊ ተጠሩ። ያለ ውድድር ፕሬዚዳንት ሆኑ።

የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ትንሽ ነው። እንግዳ ይቀበላል፣ አዋጅ ይፈርማል፣ በስም የሠራዊቱ የበላይ አዛዥ ነው። ከዚህ ሁሉ ግን አንድ ጥርስ ያለው ሥልጣን አለው። ምክር ቤት ያጸደቀው ረቂቅ ሕገ መንግሥቱን ይጥስ ይሆን ብሎ ከጠረጠረ፣ ከመፈረሙ በፊት አማካሪዎቹን ሰብስቦ ያማክርና ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ይልከዋል። መወሰን የፍርድ ቤቱ ነው። እሱ የሚጠይቀው ብቻ ነው። ለእኚህ ሰው የተሰፋ ሥልጣን ነው የሚመስለው።

በጁላይ 1976 የእንግሊዝ አምባሳደር ክሪስቶፈር ዩዋርት ቢግስ ደብሊን አጠገብ በፈንጂ ተገደሉ። መንግሥት ደነገጠ፣ መደንገጡም ተገቢ ነበር። በሴፕቴምበር 1 ምክር ቤቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ያንኑ ዕለት ከ1939 ጀምሮ የነበረውን፣ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወጀውን አስቸኳይ ጊዜ ሻሩት። ለካ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም አላነሣውም ነበር! አዲሱም እስከ 1995 ቆየ። አስቸኳይ ጊዜ ሲገባ ይቸኩላል፣ ሲወጣ ግን አይቸኩልም።

ከአዋጁ ጋር ፖሊስ ሰውን ሰባት ቀን ይዞ እንዲያቆይ የሚፈቅድ ረቂቅ መጣ። ኦዳሊ አማካሪዎቹን ሰበሰቡ፣ ረቂቁን ወደ ፍርድ ቤት ላኩት። ሚኒስትሮቹ ተበሳጩ። ሰው እየሞተ ይኼ ሽማግሌ አንቀጽ ይቆጥራል፣ ነው ነገሩ። እውነቱን ለመናገር ድርቅ ያሉ ሰው ናቸው የሚሉ ነበሩ፣ ስለ ሥነ ሥርዓት አይላወሱም። በኦክቶበር 15 ፍርድ ቤቱ ረቂቁ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። ግን አንድ ነገር ጨመረ። ተያዡ በሰባቱ ቀን ውስጥም ቢሆን ጠበቃና ሐኪም የማግኘት መብቱ አልተነካም። መጠየቁ ለባዶ አልነበረም ማለት ነው። ኦዳሊ ፈረሙ። በዚያው ሌሊት ገጠር ውስጥ ባዶ ቤት ላይ የተጠመደ ቦምብ ፈንድቶ አንድ ወጣት ፖሊስ ሞተ።

ከዚያ ሦስተኛው ቀን ሰኞ ነው። ወጥ ቤቱ።

ዶኔጋን የተናገሩት በዚያ ሐዘንና ንዴት ውስጥ ሆነው ነው፣ ይህን መርሳት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ግን ምን አሉ? ሁለት ዓረፍተ ነገር። ኦዳሊ በማግስቱ ለሚኒስትሩ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤውን ሳነብ የሚገርመኝ ፍርድ መምሰሉ ነው። መጀመሪያ የተባለውን ቃል ያስቀምጣሉ፦ «አሳፋሪ ናቸው» እና «ሠራዊቱ ከአገረ መንግሥቱ ጎን መቆም አለበት»። ቀጥለው ይጠይቃሉ፦ ሁለቱ ተከታትለው ሲነገሩ ተራ ሰው ምን ይረዳል? ፕሬዚዳንቱ ከአገረ መንግሥቱ ጎን አልቆሙም ከማለት ሌላ ትርጉም አለው? ከዚያ ውሳኔው፦ በእኔና በመከላከያ ሚኒስትሩ መካከል ያለው ግንኙነት ሊጠገን በማይችል መልኩ ተሰብሯል፣ በተናገሩት ብቻ ሳይሆን ለመናገር በመረጡት ቦታና በፊታቸው በተናገሩባቸው ሰዎችም ጭምር። ቃል፣ ትርጉም፣ ውሳኔ። ስለ ስድቡ መከፋታቸውን የምትፈልጉበት ቦታ የለም።

ቦታው ነው የነደደኝ ማለታቸውን አስተውሉ። የሠራዊቱ የበላይ አዛዥ በሠራዊቱ ፊት ተከሰሰ። ቀርቦ የሚመልስበት መድረክ የለውም፣ ምክንያቱም ፕሬዚዳንት በፖለቲካ ጉዳይ አይከራከርም። የሆሂን መዝገብ ያዙ ብያችሁ ነበር። እነዚያን አራት መብቶች በሰው ስም ተሟግተው ያስከበሩት ዳኛ፣ ለራሳቸው አንዱም አልነበራቸውም።

ዶኔጋን ይቅርታ ጠየቁ። ሥልጣን ልልቀቅም አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊያም ኮስግሬቭ አይሆንም ብለው አስቀሯቸው። ተቃዋሚዎች ሚኒስትሩ ይነሡ ብለው ለምክር ቤቱ አቀረቡ፣ 63 ለ58 ወደቀ። ያ ሐሙስ ነው፣ ኦክቶበር 21። ዓርብ ኦዳሊ ለቀቁ። መግለጫቸው አጭር ነበር። ነጻነቴንና ክብሬን በአደባባይ የማረጋግጥበት የቀረኝ መንገድ ይህ ብቻ ነው፣ ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የፕሬዚዳንትነቱን ተቋም ክብርና ነጻነት መጠበቅ ነው አሉ።

ያ ሁሉ ግርግር የተነሣበት የሰባት ቀን ሕግ በነገራችን ላይ ዓመት ሞላውና ሳይታደስ ቀረ።

ንግግሩን እዚህ ላይ ጨርሼ ጥያቄ ተቀበልኩ። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ተሸነፉ ማለት ነው?» አለኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እየተባለ ያደገ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኔም ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ዶኔጋን በዲሴምበር ከመከላከያ ተነሥተው ወደ መሬት ሚኒስቴር ተዛወሩ አልኩት። በኦዳሊ ቦታ ፓትሪክ ሂለሪ ፕሬዚዳንት ሆኑ አልኩት። ልጁ ራሱን ነቀነቀ፣ አልረካም።

ሌላዋ ደግሞ ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ አለች። ኬሪ ወደሚባል የደቡብ ምዕራብ ክፍለ ሀገር፣ ስኒም የምትባል ትንሽ መንደር ሄዱ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፈረንሳያዊው ዴ ጎል ፕሬዚዳንትነታቸውን ከለቀቁ ብዙም ሳይቆዩ መጥተው ያረፉት እዚያው ነበር። ሥልጣን ለለቀቀ ሰው የሚስማማ ነገር ሳይኖራት አይቀርም። ኦዳሊ ግን የኖሩባት አንድ ዓመት ከምናምን ብቻ ነው። በማርች 1978፣ በ67 ዓመታቸው ሞቱ። መቃብራቸውም እዚያው ስኒም ነው።

«መጽሐፍ አልጻፉም? ለዶኔጋን መልስ አልሰጡም?» አለች ልጅቷ።

ደብዳቤው አለ አልኳት። ድጋሚ እንዳነብላቸው ጠየቁኝና ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው።